ቆብና ሁለት ጩቤ

ነገሌ ቦረና
ግንቦት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ሶልያና፣ ኢንታላ ኮ፣

ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ ሲስተር ረሆቦት ናት። ክሊኒክ አብራኝ የሠራችውን ታውቂያታለሽ፤ አንቺ ወዳለሽበት አገር ለስልጠና ስለምትመጣ አደራ ብያታለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ቤታችን ሳሎን የተወራው መኝታ ቤት የሚሰማ ነው፤ አባትሽ ደግሞ አሁን አሁን ከቤት ብዙ አይወጣም። ኔትወርኩ መሃል ላይ ሲቆራርጠው ሌላ ትርጉም የሚይዝ ነገርም አለ። ይሄ እንደዚያ ያለ ነገር ነው።

ስለ ናፍቆቴ አልጽፍም፤ እሱን ከጀመርኩ ወረቀቱ ለሌላው አይተርፍም። ብርዱን እንዴት እንደቻልሽው፣ በሽተኛ ማገላበጡ ወገብሽን እንዳልጎዳው ረሆቦት አይታ ትነግረኛለች። እዚህ ዝናቡ መጥቷል። ስንት ወቅት ሙሉ ሰማዩን እያየን አንገታችን ከደረቀ በኋላ፣ ዘንድሮ በልጉ ጣለ። የሊበን ሜዳ አረንጓዴ ለብሷል። የሚግጠው ከብት ነው የሌለው።

ሙዚየም ሄደሽ የላክሽው ፎቶ የደረሰ ዕለት፣ አባትሽ ስልኩን ዘግቶ ሲቀር፣ «እማዬ፣ ምን አጠፋሁ?» እያልሽ ደጋግመሽ ጠየቅሽኝ። እኔም «ደክሞት ነው» አልኩሽ። ምንም አላጠፋሽም ልጄ። ደስ ይለው ብለሽ ነው የላክሽለት። ታሪክ አስተማሪ እንደነበር ሰምተሻል፣ የሮማውያን ገንዘብ እንደሚወድ እኔው ራሴ አንድ ቀን አምልጦኝ ነግሬሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ማንም አልነገረሽም።

ያን ቀን የሆነው እንዲህ ነው። መነጽሩን አድርጎ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ፎቶውን በሁለት ጣቱ ለጠጥ አደረገው። ፈገግ አለ። «ጢባርዮስ» አለኝ፣ የድሮ ጎረቤቱን ያገኘ ይመስል። «ይኸው አፍንጫው። ይኸው የቅጠሉ አክሊል። ‹የአምላኩ የአውግስጦስ ልጅ› ብሎ ዙሪያውን አስጽፎበታል።» ይህን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ሲናገር ከስንት ዓመት በኋላ ሰማሁት። ቀጥሎ ያለውን ፎቶ ከፈተ። ቆቡንና በግራ በቀኙ የቆሙትን ሁለት ጩቤዎች አየ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው፣ ተነሣ፣ ከግቢው ጥግ ካለችው ግራር ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ምሳ አልበላም። ጥላው ከላዩ ላይ ሸሽቶ ፀሐይ ሲመታውም አልተነሣም።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አንቺ ሳትወለጂ፣ ውሃ ሊያስቆፍሩ የመጡ አንድ ጣልያናዊ ሽማግሌ ነበሩ። አባትሽ በየመንደሩ እየዞረ ያስተረጉምላቸው ነበር። ሲሄዱ ከኪስ ቦርሳቸው አንዲት ብር አውጥተው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ፣ ጠርዟ የተሸራረፈ፣ የሮማ ዲናር ናት። ፈሪሳውያን በግብር ነገር ሊያጠምዱት ሲመጡ ጌታ አሳዩኝ ያላቸው ዓይነት። አባትሽ ያቺን ብር በጨርቅ ጠቅልሎ ከደረት ኪሱ አይለያትም ነበር። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን ሲያስተምር ያወጣታል፤ ሰኞ ክፍል ሲገባ ያወጣታል። ተማሪዎቹ በየተራ እየዳሰሱ ያሳልፏታል። ሁለት ሺህ ዓመት በእጅ መያዝ ምን እንደሚመስል ይወቁ ይል ነበር።

በዚያ ዘመን ከእኛ ጋር የሚኖር አንድ ልጅ ነበር፤ ጂሎ ይባላል። ትዝ ይልሽ እንደሆነ አላውቅም። በትከሻው ተሸክሞሽ እስከ ገበያ ይወስድሽ ነበር፣ አንቺ ደግሞ ጆሮዎቹን እንደ ልጓም ትይዢያቸው ነበር። እናቱ ዳርሚ ናቸው፤ እኛ ግን ሁልጊዜ ሃዳ ጂሎ ነው የምንላቸው፣ የጂሎ እናት። በፊልቱ መንገድ፣ ከሊበን ሜዳ ወዲያ ከብት የሚያረቡ መበለት ናቸው። ከወለዷቸው የቀረላቸው እሱ ብቻ ነበር። ከተማ የሚያስጠጋው ዘመድ ስላልነበረው አባትሽ አምጥቶ ከጓዳችን ጎን ያለውን ክፍል ሰጠው። እሳቸው በገበያ ቀን ወተት በጮጮ ይዘው ይመጣሉ። ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርስ ከኔም ከአባትሽም የሚረዝም ጎረምሳ ሆኖ ነበር። እጁ ሥዕል ያውቃል። ያገኘውን ሁሉ ይስላል፤ ግመል ከሆነ ግመሉን፣ እኔ ከሆንኩ እኔን፣ ነጭ ጋውኔን አስረዝሞ።

ዘጠና ስምንት ዓ.ም. ነው። ከምርጫው ማግስት። ያ ዓመት እንዴት ያለ እንደነበር አንቺ አታውቂውም፤ ሰው ከሰው ጋር ሲያወራ ወደ ኋላው ዞሮ ያይ ነበር። አባትሽ ደግሞ የሮማን ታሪክ የሚያስተምርበት ወቅት ደረሰ። ክፍል ውስጥ የተባለውን የነገረኝ ቡሌ ነው። ቡሌ የጂሎ የወንበር ጓደኛ ነበር፤ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል።

አባትሽ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ክብ ክብ እየሠራ ነበር አሉ። ድሮ ሮማውያን ብራቸው ላይ የአማልክት ፊት ነበር የሚያደርጉት፤ ጁሊየስ ቄሳር በሕይወት እያለ የራሱን ፊት አስቀረጸ፤ ወር ሁለት ወር ሳይሞላው በጩቤ ገደሉት። ገዳዮቹም በተራቸው ብር አሳተሙ። በአንድ በኩል ሁለት ጩቤ፣ በመካከላቸው ቆብ። ቆቡ ባሪያ ነጻ ሲወጣ የሚያጠልቁለት ነው። ነጻ አወጣናችሁ ማለታቸው ነው።

ይሄኔ ጂሎ እጁን አወጣ። «ባርሲሳ፣ በሌላው በኩልስ ምን አለ?» አለ። ባርሲሳ ብሎ ነው የሚጠራው፣ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አባትሽ ጠመኔውን አስቀመጠና ሳቀ። «በሌላው በኩልማ የዋናው ነጻ አውጪ የብሩተስ ፊት አለ። ቄሳርን ፊትህን ብር ላይ አደረግህ ብሎ የገደለው ሰው፣ የገዛ ፊቱን ማስቀረጽ አልረሳም።»

መጀመሪያ ከኋላ አንዱ ሳቀ ይላል ቡሌ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። አባትሽ ስለ ሮማ ነው ያወራው። ስለ ሮማ ብቻ እንዳልሆነ ግን ተማሪው ሁሉ ገብቶታል፤ እሱም ሳይገባው አልቀረም።

በሳምንቱ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ወደ አስፋልቱ በሚያየው በኩል፣ ቆብና ሁለት ጩቤ ተስሎ አደረ። በቀይ ቀለም፣ በር የሚያህል። እንዴት ያምር እንደነበር ቡሌ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ለሥራ ስሄድ እኔም አይቼዋለሁ፤ ጋውኔን አስረዝሞ የሚስለኝ ያው እጅ እንደሆነ እንዳየሁት ወዲያው አውቄያለሁ።

ጠዋት ተማሪው ተሰልፎ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል፣ የማናውቃቸው ሰዎች በመኪና መጡ። የምን ድርጅት ዓርማ ነው? ማን ሳለው? የሚል ነው ጥያቄው። ጩቤው የጎሳ ጦርነት ጥሪ ነው ያለም ነበር፤ ቆቡ የእስላም ነው የክርስቲያን ብሎ የተከራከረም ነበር። ሳይናገር የሚገባ ተማሪ የለም ተባለ። ከረፈደ በኋላ ልጆቹ ፀሐይ ላይ መውደቅ ጀመሩ። አባትሽ ከአስተማሪዎቹ ረድፍ ወጣ። «ትምህርቱ የኔ ነው፣ ሥዕሉም የኔ ነው» አለ።

ፈተሹት። ከደረት ኪሱ ያቺን ብር አወጡ።

«ይሄ የማን ፎቶ ነው?»

«የጢባርዮስ ቄሳር።»

«የት ነው የሚኖረው?»

«ሞቷል።»

«ማን ገደለው?»

ሰልፉ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። አንደኛው ሰውዬ አባትሽን በጥፊ መታው። ሳቁ እዚያው ቆመ። እሱን ይዘውት ሄዱ፤ ብሯንም ኤግዚቢት፣ ማስረጃ ናት ብለው ወሰዷት፤ ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ያየው ጢባርዮስ አንቺ የላክሽው ነው።

ማታ እራት ሳቀርብ ጂሎ አልቀመጥም አለ። እንጀራው ተቆርሶ፣ ወጡ ወጥቶ፣ እሱ በሩ ላይ ቆሟል። አንቺ እግሩን አቅፈሽ አሽኮኮ በለኝ ትያለሽ።

«ሃርሜ፣ ልሂድ» አለኝ። እናቴ ማለቱ ነው።

«የት ነው የምትሄደው?»

«የሱን ፊት መትተው የኔን እጅ ሊተዉት ነው?»

«እሱ እኮ አንተ እንድትማር ብሎ ነው። ብትሄድ እሱን አይለቁትም፣ ሁለታችሁንም ነው የሚይዟችሁ። እናትህስ? ለሃዳ ጂሎ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«‹ልጅሽ አልዋሸም› በያት።»

ክንዱን ያዝኩት። ምን ብዬ ልያዘው፣ እንደ ዝግባ የቆመ ልጅ። ጎንበስ ብሎ ግንባርሽን ሳመሽ፣ እጄን ቀስ አድርጎ ከክንዱ ላይ አላቀቀው፣ ወጣ። አንቺ በሩ ላይ ሆነሽ ቆይተሽ አለቀስሽ።

እንዳልኩት ሆነ፤ ሁለቱንም ያዟቸው። ከከተማ ውጭ፣ ስሙን መጻፍ የማልፈልገው ቦታ ወሰዷቸው። ስንቅ አመላልስ ነበር። በአንድ ሳህን ለሁለት ሰው። አንቺን አባትሽ ለስልጠና አዲስ አበባ ሄዷል አልንሽ። ሃዳ ጂሎም በገበያ ቀናቸው ወተት ይዘው ይመጣሉ፤ አብረን እንሄዳለን፤ በር ላይ እንቀመጣለን፤ የሁለቱን ፊት ግን አላሳዩንም። ዝናቡ በገባ ሰሞን አንድ ቀን ጠባቂው ሳህኑን ተቀብሎኝ፣ «ከነገ ጀምሮ ለአንድ ብቻ አምጪ» አለኝ።

«ልጁስ?»

«ተዛውሯል።»

«ወዴት?»

«ተዛውሯል አልኩሽ እኮ።»

አምኜው ተመለስኩ። ለእናቱም የነገርኩት እኔ ነኝ። «ሃዳ ጂሎ፣ ልጅዎ ተዛውሯል» አልኳቸው። እሳቸውም ፊታቸው በራ፤ ከዚያ ቦታ መውጣቱ ለሳቸው መልካም ዜና ነበር። ጮጯቸውን አንጠልጥለው ደስ ብሏቸው ሄዱ።

አባትሽን አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አበባው ገና ሳይረግፍ ለቀቁት። የመጣውን ሰው አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የምታውቂው አባት እሱ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን አላወቅሽውም። የክፍል በር አልፎ አልገባም። ወደራ ከተማ አዛውረው የመጻሕፍት መጋዘን ላይ አስቀመጡት፣ ጡረታ እስኪወጣ እዚያ ነበር። ስለ ጂሎ ስጠይቀው፣ «ከተለያየን ቆየን» ይለኛል፣ ሌላ የለም። በታሪክ ከክፍል አንደኛ ወጥተሽ ወረቀቱን ይዘሽለት የሮጥሽ ቀን፣ ሳያየው «እሺ» ብሎ ፊቱን ሲያዞር፣ ትራስሽን አቅፈሽ «አባዬ አይወደኝም» ብለሽ ነበር። ያን ቀን ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅኩም። አባትሽ የፈራው ታሪክ የሚወድ ልጅ ከቤቱ እንዳይወጣ ነው።

ሃዳ ጂሎ ልጃቸውን መፈለግ አላቆሙም። ሞያሌ አለ ሲሏቸው ሞያሌ፣ ዝዋይ አለ ሲሏቸው ዝዋይ። መንግሥት ተለውጦ እስረኛ ሲፈታ፣ አዲስ ነጠላ ለብሰው መናኸሪያ ተቀምጠው ከየአውቶቡሱ የሚወርደውን ሲያዩ ነበር የሚውሉት። ከእኔ ጋር ስንገናኝ «እስካሁን ሚስት ማግባት ነበረበት» ይሉኛል። ቦረና ወንድ ልጅ ሲወለድ ጊደር ይሰጠዋል፣ ሀንዱራ ይሉታል፤ ጊደሯም የወለደቻቸውም የልጁ ናቸው። የጂሎ ሀንዱራ ተዋልዳ መንጋ ሆና ነበር። አንዲት አልሸጡም። «የራሱን ከብት ምን ብዬ እሸጥበታለሁ፣ ሲመጣ ምን እለዋለሁ?» ነው ነገራቸው።

ይኸው ነው ያለፈው። አሁን ወደዚያ ፎቶ ልመለስ።

በማግስቱ ጠዋት አባትሽ ፊቱን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ቀይሮ ወጣ። «ሃዳ ጂሎ አሁን የት ናቸው?» አለኝ። ድርቁ ካፈናቀላቸው ጋር በፊልቱ መንገድ ዳር ሰፍረው እንዳሉ ነገርኩት። ቡሌን ጠራነው፣ በባጃጁ ወሰደን።

መንገዱን ብታዪው ልጄ። ሣሩ ጉልበት ደርሷል፣ በሣሩ መሃል ደግሞ አጥንት ነው። እንደ ወደቁ የቀሩ፣ እናትና ጥጃ ጎን ለጎን።

ሃዳ ጂሎ ከላስቲክ ቤታቸው ደጅ ተቀምጠው አገኘናቸው። አርጅተዋል። ዓይናቸው ግን ደህና ነው፣ ከሩቅ አወቁን። «ባርሲሳ!» አሉ፣ ሊነሡ ሞከሩ። ሰላምታው እንደ አገሩ ረዘመ። አካም ጂርታ፣ ናጋ፣ ሰላም ነው፣ ሰው ናጋ፣ ዝናቡ ናጋ። ከብቱ ጋ ሲደርስ እሳቸው ናጋ አላሉም። እንዲህ አሉት፣

«የጂሎ ከብት አለቀ። ላሟ ቡሬ ብቻ ቀርታ ነበር፣ እሷን ከቤት አስገብቼ የጎጆዬን ሣር እየነቀልኩ አበላኋት። ዝናብ ሊመጣ ሲል ወደቀች። አሁን ልጄ ቢመጣ ባዶ እጄን ምን እለዋለሁ? አንተ የተማርክ ነህ፣ ምን ልበለው?»

አባትሽ ቆሞ ነበር። ከፊታቸው መሬት ላይ ተንበረከከ፣ ኮፍያውን አወለቀ።

«ሃዳ ጂሎ፣ ጂሎ አይመጣም» አላቸው። «ያን ጊዜ ነው የሞተው። እኔ እጅ ላይ ነው የሞተው።»

ልጄ፣ እኔም የሰማሁት እዚያው ነው። አሥራ ሰባት ዓመት አብሬው ተኝቼ፣ እዚያ ላስቲክ ቤት ደጅ ከሳቸው ጋር እኩል ሰማሁት።

ሃዳ ጂሎ አልጮኹም። መሬቱን እያዩ፣ «ንገረኝ» አሉት። «እንዴት እንደሆነ ንገረኝ። አንድም እንዳታስቀር።»

ነገራቸው። በመጨረሻው አንድ ክፍል ውስጥ አድርገዋቸው ነበር። ዝናቡ ሲገባ ወባ መጣ፤ ጂሎን ያዘው። አባትሽ በሩን በእጁ መታ፣ በእግሩ መታ፣ ሚስቴ ነርስ ናት፣ መድኃኒት ትላክልኝ አለ። ነገ ይሉታል። እኔ በዚያው ሰሞን ክሊኒክ ቁጭ ብዬ ለማላውቀው ሰው ሁሉ የወባውን ኪኒን፣ ኮአርተም፣ እየቆጠርኩ እሰጥ ነበር። ጥቂት ፍሬ ነው ልጄ። ሳህኑ ውስጥ እንጀራ ሥር የሚደበቅ።

ትኩሳቱ ራሱን ሲያስተው፣ ጂሎ ኤላ ላይ ያለ መሰለው። የቦረናን ጥልቅ ጉድጓድ አይተሽዋል፤ ጎረምሶቹ ከታች እስከ ላይ በመሰላል ቆመው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋሉ። ጂሎ ተኝቶ እጆቹን ወደ ላይ እያነሣ፣ «ተቀበለኝ፣ ባርሲሳ ተቀበለኝ፣ ከብቱ ጠምቶታል» ይል ጀመር።

«እኔም ተቀበልኩት» አለ አባትሽ። እጆቹን ዘርግቶ አሳያቸው። «ባልዲ የለም፣ ግን ተቀበልኩት። ሲሰጠኝ እቀበለዋለሁ፣ ሲሰጠኝ እቀበለዋለሁ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን እጁ መነሣት አቆመ። በአንሶላ ጠቅልለው ወሰዱት። የት እንዳደረጉት አላውቅም፣ ሃዳ ጂሎ። ብትናገር ሚስትህንም ልጅህንም አሉኝ። ፈራሁ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ደግሞ፣ አንቺ መናኸሪያ ተቀምጠሽ ሳይሽ፣ በየትኛው አፌ ልንገርሽ?»

«አንቱ» ይላቸው የነበረው ሰው «አንቺ» ማለቱን እሱም አላወቀውም፣ እሳቸውም አልታወቃቸውም።

ቡሌ ባጃጁን ተደግፎ ፊቱን ሸፍኖ ያለቅሳል። ሃዳ ጂሎ ቀና ብለው አባትሽን አዩት። ዓይናቸው ውስጥ ምሕረት ነበረ ብዬ አልዋሽሽም።

«ሞያሌ ድረስ በእግሬ ሄጃለሁ» አሉት። «የሰው ልጅ ልጄ መስሎኝ፣ ከኋላው እየጠራሁ ስሮጥ እብድ ተብዬአለሁ። ይሄን ሁሉ ዓመት ለሞተ ሰው ከብት ጠበቅኩ። ይሄን ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

አባትሽ ለመሄድ እንደሚነሣ ሆነ። እጃቸውን ዘርግተው እጅጌውን ያዙት።

«ሂድ አላልኩህም። ተቀመጥ። ለልጄ የሚያለቅስለት ሌላ ወንድ የለኝም።»

ያን ጊዜ ነው ድምፃቸውን የለቀቁት። ከየላስቲኩ ቤት ሴቱ ወጣ፣ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ይዘው መጡ። እየዞሩ «ማነው የሞተው?» ሲሉ፣ ቡሌ «ጂሎ፣ የዳርሚ ልጅ» ይላቸዋል። ልክ ዛሬ እንደ ሞተ አለቀሱለት። አባትሽ ከሳቸው ጎን መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔ ሳገባው፣ አንቺ ስትወለጂ፣ ሲታሰር፣ ሲፈታ፣ የዚህን ሰው እንባ አይቼ አላውቅም ነበር። ለቅሶው እስኪያበቃ እዚያው ነበርን። ሃዳ ጂሎ በቆይታችን ሁሉ ከእሱ ጋር ሁለት ቃል አልተነጋገሩም፣ ግን ሰው ሊያስተዛዝን ሲመጣ እሱንም እጁን እንዲይዙት ያሳዩዋቸው ነበር።

በመንገድ ስንመለስ ተቆጣሁት። ልደብቅሽ አልችልም። «እኔ ጠላትህ ነበርኩ?» አልኩት። ቤት ገብተን ጫማውን ሳወልቅለት፣ ራሴ ላይ እጁን አሳርፎ፣ «አስቻለች፣ አንቺ ብታውቂ ለሷ ትነግሪያት ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። እነግራቸው ነበር። ንዴቴ ግን በዚህ አልበረደም፤ እስካሁንም ሲነሣና ሲተኛ ነው ያለው።

ሌላውን እንደ ተራ ወሬ አንብቢው። አባትሽ አሁን ያወራል። ስለ ጂሎ፣ ስለዚያ ክፍል፣ ስለ ቄሳሮቹ። ብራቸው ውስጥ ያለው ብር እየሳሳ መዳብ ብቻ ሲቀር፣ ዙሪያው ላይ የሚያስጽፉት ማዕረግ እየረዘመ ይሄድ ነበር ይለኛል። አንቺን ነው ማዋራት የሚፈልገው፣ እኔ የሚገባኝ ግማሹ ነው። ድምፁ ቀጥኗል። ስትደውዪ «ጉንፋን ነው» ካለሽ፣ «ይማርህ» በዪው፣ አትመርምሪው። ሸሚዞቹን አጥብቤያቸዋለሁ፤ እንደገናም አጠበብኳቸው። ሐዋሳ ሄዶ እንዲታይ ጽፈውለት አንድ ጊዜ ደርሰን መጥተናል። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጨዋ። ነርስ መሆኔን ሲሰማ ወደ ኮሪደሩ አውጥቶ አነጋገረኝ። ስመለስ አባትሽ «ምን አለሽ?» አላለኝም። እኔም አልነገርኩትም። ምግብ ይቀምሳል፣ ጠዋት ጠዋት ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ትምህርትሽን ስትጨርሺ፣ በሚመጣው ዓመት እመጣለሁ ብለሽን ነበር። በክረምቱ ፈቃድ አለሽ ብላኛለች ረሆቦት። እንዲያው ለማለት ያህል ነው፣ ክረምቱን ብትመጪ ጥሩ ነው። ይሄን ደብዳቤ እንደጻፍኩልሽ ለሱ አትንገሪው፣ ናፍቆኝ ነው በዪው።

ደረቅ አገር በዝናብ የጎበኘ አምላክ፣ አንቺንም በሰው አገር ደጅ ይጎብኝሽ። እጅሽ የነካው በሽተኛ ይዳንልሽ። የምትወጪበት የምትገቢበት ናጋ ይሁን።

ትኬቱን ስትቆርጪ የመመለሻውን ቀን ክፍት አድርጊው።

እናትሽ
አስቻለች